ጎርፍን የሚያሳርፉ ኩሬዎች፤ ጥገናቸውና ወጪያቸው በወለጋ ከተሞች

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚዘንበው ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ስሌት 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አንድ ቤት በዓመት 200 ሜትር ኩብ ውሃ ይወርድበታል። ውሃው በርሜል ውስጥ ቢጠራቀም ባለ 200 ሊትሩን በርሜል 1,000 ጊዜ ይሞላል። በከተማዋ ያሉት ጣሪያዎች፣ የተነጠፉ ግቢዎች፣ የአስፋልትና የኮብልስቶን መንገዶች ሲደመሩ፣ በአንድ የሐምሌ ከሰዓት በኋላ ወደ ቁልቁለቱ የሚወርደው ውሃ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ቤትና መንገድ ከመሠራቱ በፊት ከዚህ ዝናብ ብዙውን የሚመጠው አፈሩ ነበር። የወለጋ ቀይ አፈር ጥልቅ ነው፤ ሣርና ዛፍ እስካለበት ድረስ ውሃ በደንብ ያሰርጋል። ሽፋኑ ሲገፈፍና ሲጠቀጠቅ ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ ውሃው ከላይ እየፈሰሰ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ሻምቡ ሁሉም በጉብታና በተዳፋት ላይ ያረፉ ከተሞች በመሆናቸው ውሃው ፍጥነት ለማግኘት ረጅም መንገድ አያስፈልገውም። በድንጋይ የተገነባው ቦይ ከከተማው ውስጥ በጥድፊያ ያስወጣዋል። ችግሩ የሚጀምረው ቦዩ በሚያልቅበት ቦታ ነው። ተሰብስቦ የመጣው ጎርፍ ባዶ አፈር ላይ ሲወድቅ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ጉድጓዱ በየክረምቱ ወደ ኋላ እየተናደ ቦረቦር ይሆናል፤ ቦረቦሩም የገበሬውን ማሳ፣ የነዋሪውን አጥር፣ በመጨረሻም መንገዱን ራሱን ይበላል። ከተማው ውስጥ ያለው ሰው ከጎርፍ ተገላገልኩ ሲል ከታች ያለው ጎረቤቱ ዕዳውን ተረከበ ማለት ነው።

የዝናብ ውሃ ማቆያ ኩሬ የሚሠራው ይህን ጥድፊያ ለመስበር ነው። ኩሬው ውሃውን ለተወሰኑ ሰዓታት ይዞ በጠባብ መውጫ ጥቂት በጥቂት ይለቀዋል። መጠኑን በቀላሉ ማስላት ይቻላል። 10 ሄክታር በሆነ ሰፈር ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 5,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ሰፈሩ በአብዛኛው በጣሪያና በንጣፍ የተሸፈነ ከሆነና ከዝናቡ 70 በመቶው ወደ ጎርፍነት ቢለወጥ 3,500 ሜትር ኩብ ውሃ ማረፊያ ይፈልጋል። ጥልቀቱ ሜትር ተኩል የሆነ ኩሬ ይህን ለመያዝ የእግር ኳስ ሜዳ ሲሶ የሚያህል መሬት ይበቃዋል። ለአንድ ሰፈር ይህ የማይቻል ጥያቄ አይደለም፤ መሬቱ ግን ቤት ከመሠራቱ በፊት መከለል አለበት።

ኩሬዎቹ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ዓመቱን ሙሉ ውሃ ይዞ የሚቆይ ሲሆን ሁለተኛው ዝናብ ሲጥል ሞልቶ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ባዶ የሚሆነው ነው። ውሃ የማይለየው ኩሬ ደለልና ቆሻሻን በማስቀረት ይበልጣል፤ ለዓይንም ያምራል። ለወለጋ ከተሞች ግን በአብዛኛው የሚሻለው የሚደርቀው ነው። በበጋ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ከብት ይግጥበታል፤ የመስጠም አደጋውም ያነሰ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የወባ ጉዳይ አለ። ትንኝ ከዕንቁላል ተነሥታ ለመብረር በሞቃት ቦታ አንድ ሳምንት ገደማ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ኩሬው በሦስት ቀን ውስጥ ከደረቀ እጩ ሳይበስል ይቀራል። ነቀምቴ ራሷ ደጋማ ብትሆንም በደዴሳና በአንገር ሸለቆዎች ያሉት ከተሞች ቆላ ናቸው፤ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ወባ በምዕራብ ኦሮሚያ እንዴት እንዳገረሸ የሚያስታውስ ነዋሪ፣ ውሃ አቁሮ የሚከርም ኩሬ በሰፈሩ እንዳይሠራ ቢቃወም ትክክል ነው። መውጫው ተደፍኖ ውሃ ያቆረ ደረቅ ኩሬም ከዚያ የተለየ አይሆንም።

በሚገባ የተሠራ ኩሬ አምስት ክፍሎች አሉት። ጎርፉ የሚገባበት በድንጋይ ወይም በጋቢዮን (ድንጋይ በታጨቀበት የሽቦ ሣጥን) የተጠናከረ መግቢያ፣ ከመግቢያው ቀጥሎ ደለል የሚያርፍባት ትንሽ ኩሬ፣ ዋናው ገንዳ፣ በብረት ወንፊት የተሸፈነ የመውጫ ቱቦ፣ እና ከሚገመተው በላይ ዝናብ ሲመጣ ውሃው ግድቡን ሳይጎዳ እንዲያልፍ የሚያደርግ ማስተንፈሻ ናቸው። ብዙ ጊዜ ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ የሚቀረው ትንሿ የደለል ማረፊያ ናት፤ ይህ ከባድ ስሕተት ነው። እሷ ካለች ጠረጋው በአንድ ጥግ ያልቃል፤ ከሌለች ደለሉ በመላው ገንዳ ይነጠፋል፤ ጠረጋ ሲመጣም ገንዳውን እንዳለ መቆፈር ግድ ይሆናል።

የጥገናው ሥራ ከወቅቱ ጋር የተሳሰረ ነው። ትልቁ ቁፋሮ የሚካሄደው ከጥር እስከ መጋቢት፣ መሬቱ ደርቆ ኤክስካቫተርና ገልባጭ መኪና ሳይሰምጡ በሚገቡበት ጊዜ ነው። ሚያዝያ የቦዮችና የካልቨርቶች ጠረጋ ወር መሆን ይኖርበታል፤ የግንቦት የመጀመሪያ ዝናብ በጋውን ሙሉ በየመንገዱ የተከማቸውን ሁሉ ጠራርጎ ያመጣልና። ክረምቱ ከገባ በኋላ ሥራው ቁጥጥር ነው። ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ አንድ ሰው ኩሬውን ዞሮ ማየት፣ ወንፊቱን ማጽዳት፣ ግድቡ ላይ ስንጥቅ ወይም የሚያዥ ቦታ መኖሩን መመርመር አለበት። መስከረም ላይ ሣሩ ይታጨዳል፤ ክረምቱ የናደው ይታያል፤ የሚጠገነው ተለይቶ ለበጋ በጀት ይያዝለታል።

ከእነዚህ ሁሉ ርካሹም ወሳኙም የወንፊቱ ጽዳት ነው። ወንፊቱን የሚደፍነው የፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ የጫት ገለባና የእንሰት ወይም የሙዝ ቅጠል ክምር ነው። መጀመሪያ አንድ ፌስታል ብረቱ ላይ ይለጠፋል፤ ቀጥሎ የመጣው ቅጠል በእሱ ላይ ይደገፋል፤ ከዚያ ጭቃው ክፍተቱን ይመርገዋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ከፍ ይላል፤ ማስተንፈሻው ጠባብ ወይም የተደፈነ ከሆነም በግድቡ ጫፍ ላይ ይፈስሳል። የአፈር ግድብ ደግሞ ውሃ በላዩ ከሄደበት ብዙ አይቆይም፤ አንዲት ቀጭን ቦይ ትቀደድና እየሰፋች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ኩሬውን እንዳለ ታች ሰፈር ላይ ትለቀዋለች። አንድ ሠራተኛ ሬክና ቦቲ ይዞ በሩብ ሰዓት የሚያጸዳው ወንፊት በመታለፉ ብቻ፣ ያልነበረ ጎርፍ ሰው ሠራሽ ሆኖ ይፈጠራል።

ግድቡ ላይ ባሕር ዛፍም ሆነ ሌላ ትልቅ ዛፍ መተከል የለበትም። ሥሩ አፈሩን ሰንጥቆ ይገባል፤ ዛፉ ሲቆረጥ ደግሞ ሥሩ በስብሶ ለውሃ መንገድ ይተዋል። በዚህ ረገድ በበጎ ፈቃድ የሚካሄድ የችግኝ ተከላ ሳይቀር ጉዳት ሊያመጣ ስለሚችል የት እንደማይተከል አስቀድሞ ማመልከት ይበጃል። ለግድብ የሚስማማው ጥቅጥቅ ያለ ሣር ነው፤ ሥሩ በጥልቀት ወደ ታች የሚወርደው ቬቲቨር በተለይ ለመግቢያና ለመውጫ ዳርቻዎች ጥሩ ነው። ጃርትና ሌሎች ጉድጓድ ቆፋሪ እንስሳት የከፈቱት ቀዳዳም ሳይውል ሳያድር መጠቅጠቅ አለበት።

ደለል የኩሬ ዕድሜ መለኪያ ነው። ለምሳሌ ወደ አንድ ኩሬ ከሚፈስሰው መሬት 20 ሄክታሩ ግንባታ ላይ ያለና ሣር ያልሸፈነው ነው እንበል። ከእያንዳንዱ ሄክታር በዓመት 50 ቶን አፈር ቢታጠብ 1,000 ቶን፣ በይዘት 800 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ግማሹ ኩሬው ውስጥ ቢቀር በዓመት 400 ሜትር ኩብ ደለል ነው፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 25 ምልልስ ይፈልጋል። 3,500 ሜትር ኩብ የሚይዝ ኩሬ ይህን ያህል ደለል እየገባበት ካልተጠረገ በአምስት ዓመት ውስጥ ከአቅሙ ግማሹን ያጣል። ስለዚህ በደለል ማረፊያዋ ውስጥ መጠኑ የተቀባበት የብረት ዘንግ ይተከላል፤ ደለሉ ከጥልቀቷ ግማሽ ላይ ሲደርስ የጠረጋው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። ይህን የሚያነብ ሰው ምሁር መሆን የለበትም፤ የሰፈሩ ጥበቃ ሊያደርገው ይችላል። የወጣውን ደለል ለቦረቦር መሙያ ማዋል ይቻላል። ከጋራዥና ከመኪና መናኸሪያ አካባቢ የመጣ ከሆነ ዘይት ስለሚኖርበት ጎመን ወደሚበቅልበት ጓሮ መግባት የለበትም።

ጉዳዩ ከከተማው ክልል ያልፋል። የነቀምቴ ጎርፍ ይዞት የሚሄደው አፈር በገባሮቹ አድርጎ ወደ ደዴሳ ይደርሳል፤ ደዴሳም ዓባይን የሚቀላቀለው ከሕዳሴ ግድብ በላይ ነው። በከተማ ኩሬ ውስጥ የሚቀር ደለል በቁጥር ሲታይ ከጠቅላላው የተፋሰሱ ደለል ጥቂት ቢሆንም፣ በቅርብ ተይዞ በአካፋ ሊነሣ የሚችል ደለል ነው።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ማን ነው? በኢትዮጵያ ከተሞች የጎርፍ መውረጃ ግንባታና ጥገና በመሠረቱ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው። ጠረጋው ግን በአብዛኛው የሚካሄደው ክረምት ሲቃረብ በዘመቻ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች፣ ወይም በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ተጀምሮ በኋላ ወደ ሌሎች በሰፋው የከተማ ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ነው። ዘመቻ ጉልበት ያሰባስባል፤ ሰፈርተኛውንም ያነቃቃል። የአባቶች የደቦ ልማድ ባለበት አገር ይህን ማናናቅ አይገባም። ነገር ግን በሐምሌ ሌሊት ከዘነበ በኋላ ንጋት ላይ ወንፊቱን የሚያየው ዘመቻ አይደለም። ለዚያ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ስሙ የታወቀ ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ ደመወዙም በየወሩ የሚገባ ገንዘብ ይፈልጋል።

ግንባታና ጥገና የሚለያዩት በገንዘብ ምንጫቸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የዓለም ባንክ በሚደግፋቸው የከተማ ልማት ፕሮግራሞች በርካታ ቦዮችና የኮብልስቶን መንገዶች ተሠርተዋል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው ፕሮግራም 117 ከተሞችን ያቀፈ ነበር። ፕሮግራሞቹ ከተሞች ያላቸውን መሠረተ ልማት እንዲመዘግቡና ለጥገናው ዕቅድ እንዲያወጡ መጠየቃቸው ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ድጋፉ ለግንባታ ይመጣል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሠላሳ ዓመታት የከተማው ናቸው። የከተማው ገቢ ደግሞ በሊዝ፣ በልዩ ልዩ አገልግሎት ክፍያና አዋጅ ቁጥር 80/1968 ባቋቋመው የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ላይ ቆሞ ኖሯል። ለቤት ግብሩ የሚሠራበት ግምት ለረጅም ጊዜ ከገበያው ርቆ ቆይቷል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ይህን ለማሻሻል የታለመ ነው። ታክስ ግን ወደ አጠቃላይ ቋት ይገባል፤ ከቋቱ ሲከፋፈል ትምህርት ቤትና መንገድ ይቀድማሉ፤ የኩሬ ጠረጋ ከነገ ወዲያ ሊደረግ የሚችል ስለሚመስል ሁልጊዜ ወደ ነገ ወዲያ ይገፋል።

ለጥገና ብቻ የሚውል ገንዘብ ማቋቋም ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ ሽያጭ ላይ እየሰበሰበ ለመንገድ ጥገና ያውላል፤ ከተሞችም ከእሱ ድርሻ አላቸው። አሳቡ ግልጽ ነው፤ መንገዱን በብዛት የሚጠቀም በብዛት ይከፍላል፣ የተከፈለውም ለመንገዱ ይመለሳል። የመጠጥ ውሃም ተመሳሳይ መንገድ ተከትሏል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ የከተማ ውሃ ታሪፍ ወጪውን እንዲሸፍን ይጠይቃል፤ ነዋሪው በየወሩ በቆጣሪ ይከፍላል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የደረቅ ቆሻሻ ክፍያ ከውሃ ቢል ጋር አብሮ ይሰበሰባል። ለዝናብ ውሃ ግን የራሱ ታሪፍ እስካሁን አልተለመደም። ዝናብ በቆጣሪ አይለካምና የሚከፈልበት ነገር አይመስልም።

መለኪያው ጣሪያና ንጣፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቦልደር እና ቤልቪው የተባሉት የአሜሪካ ከተሞች የዝናብ ውሃን እንደ መጠጥ ውሃ ራሱን የቻለ አገልግሎት አድርገው ክፍያ ጣሉበት፤ ዛሬ በዚያች አገር እንዲህ ያለ ክፍያ የሚሰበስቡት ከተሞችና ወረዳዎች ከ2,000 ይበልጣሉ። በብዙዎቹ ዘንድ እያንዳንዱ ይዞታ ውሃ የማያሰርገው ገጽ ምን ያህል እንደሆነ ከአየር ፎቶ ይለካል፤ ክፍያውም በዚያ ልክ ይሆናል። በጀርመን ከተሞች ቀድሞ የዝናብ ውሃ ወጪ በመጠጥ ውሃ ፍጆታ ይሰላ ነበር። ፍርድ ቤቶች ይህ ፍትሐዊ አይደለም በማለታቸው ክፍያው ለሁለት ተከፈለ፤ ለፍሳሹ በፍጆታ፣ ለዝናቡ በተሸፈነው ካሬ ሜትር።

የጀርመኖቹ ክርክር ለነቀምቴም ይሠራል። ስምንት ልጆች የሚያሳድግ ቤተሰብ በ70 ካሬ ሜትር ጣሪያ ሥር ሆኖ ብዙ ውሃ ይቀዳል። አንድ የቡና መጋዘን ግን ሰፊ ጣሪያና በሲሚንቶ የተነጠፈ ግቢ ይዞ በወር የሚጠቀመው ውሃ ለጥበቃው መታጠቢያ የሚሆን ብቻ ነው። የዝናብ ውሃ ክፍያ በውሃ ፍጆታ ላይ በመቶኛ ቢጣል ለማስላት ይቀላል፤ ነገር ግን ቤተሰቡ የመጋዘኑን ጎርፍ ወጪ ይከፍላል ማለት ነው። በካሬ ሜትር ሲሆን ነገሩ ይስተካከላል። ለምሳሌ ያህል በወር በካሬ ሜትር 25 ሳንቲም ቢጣል 100 ካሬ ሜትር ጣሪያና ንጣፍ ያለው ቤት 25 ብር፣ 2,500 ካሬ ሜትር ያለው መጋዘን 625 ብር ይከፍላል። የመሰብሰቢያው መንገድ የውሃ ቢሉ ሊሆን ይችላል፤ የስሌቱ መሠረት ግን የተሸፈነው መሬት መሆን አለበት።

ክፍያው በሕግ የተመሠረተ መሆን ይኖርበታል። በኦሮሚያ ሕግ የሚያወጣው ጨፌው ነው፤ ከተማውም ታሪፉን በምክር ቤቱ ያስጸድቃል። ገንዘቡ ከአጠቃላይ ቋት ተለይቶ በራሱ ሒሳብ መቀመጥ አለበት። ይህ ካልሆነ ከሌላ ግብር የሚለየው በስም ብቻ ነው፤ ነዋሪውም ለመክፈል የሚያቅማማው በትክክለኛ ምክንያት ይሆናል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ስንት ብር እንደተሰበሰበ፣ የትኛው ኩሬ እንደተጠረገ፣ ስንት መኪና ደለል እንደወጣ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ያሳምናል።

ነፃ መደረግ ያለባቸው አሉ፤ በትንሽ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ችግረኛ አባወራዎችና እማወራዎች የመጀመሪያዎቹ ናቸው። አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶች፣ ትምህርት ቤቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነፃ ይሁኑ ወይ የሚለው ግን ከባድ ጥያቄ ነው። ትልልቆቹ ጣሪያዎች የእነሱ ስለሆኑ ሁሉም ነፃ ከወጡ ሸክሙ በትንንሾቹ ቤቶች ላይ ይወድቃል። የተሻለው መንገድ ሁሉም ተመዝግቦ፣ ውሃውን በግቢው ለሚያስቀር ቅናሽ ማድረግ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተውን ወለጋ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ሰፊ ግቢ ያለው ተቋም የራሱን ኩሬ ሠርቶ ጎርፉን ማቆየት ይችላል፤ የቆርቆሮ ጣሪያውን ውሃ በሮቶ ለሚያጠራቅም ነዋሪም ክፍያው ቢቀልለት ተገቢ ነው። አዲስ ሪል እስቴት ወይም የማኅበር ቤት ሲሠራ ደግሞ ኩሬው የግንባታ ፈቃዱ አካል መሆን አለበት። ገንቢው ኩሬውን ለከተማው የሚያስረክበው ግንባታው ሲጠናቀቅ ተጠርጎና ተለክቶ መሆኑ በውሉ መስፈር ይኖርበታል፤ ኩሬ ከምንጊዜውም ይልቅ ደለል የሚበዛበት ቤቶቹ በሚሠሩበት ወቅት ነውና።

ከክፍያው በፊት የሚቀድመው ምዝገባ ነው። ከተማው ያሉትን ቦዮች፣ ካልቨርቶች፣ ኩሬዎችና በተፈጥሮ ውሃ የሚተኛባቸውን ረባዳ ቦታዎች በካርታ ማስፈር፣ የእያንዳንዱን ዓመታዊ የጥገና ወጪ ማስላት፣ ከዚያም ድምሩን ለተሸፈነው ጠቅላላ ካሬ ሜትር ማካፈል ያስፈልገዋል። ረባዳዎቹ ቦታዎች በተለይ በማስተር ፕላኑ ላይ ተከልለው መቆየት አለባቸው፤ ለቤት ከተሸነሸኑ በኋላ መልሶ ለኩሬ የሚሆን መሬት ማግኘት ካሳ ይጠይቃል። ሲሰላም የሠራተኛ ደመወዝ፣ የኤክስካቫተር የሰዓት ኪራይና የነዳጅ ዋጋ ለየብቻ ይመዘገባሉ፤ እነዚህ በየዓመቱ ስለሚንሩ ታሪፉ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ እንደገና መታየት ይኖርበታል። በየአሥር ዓመቱ ለሚመጣው የዋናው ገንዳ ቁፋሮም ከየወሩ ገቢ ላይ ጥቂት እየተነሣ በዝግ ሒሳብ ይቀመጣል።